ለጣና ጀልባ የትኛው ሞተር? ባለ ሁለት ምት፣ ባለ አራት ምት ወይስ ርካሹ ቅጂ

በባሕር ዳርና በዘጌ ጀልባ ያላቸው ወዳጆቼ በዚህ ዓመት አንድ ጥያቄ ደጋግመው ጠይቀውኛል፤ “አሮጌ ጀልባዬን እያደስሁ ነው፤ ሞተር የትኛውን ልግዛ?” ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ጀልባችሁ አምስት ስድስት ሜትር ከሆነና ሥራችሁ እንደ እኔ አልፎ አልፎ ከሆነ፣ አዲስ፣ እውነተኛ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅል ቀላል ዕቃ) የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆለት የሚነድ ሞተር፣ ግዙ። ያማሃ ኤንዱሮ ይሁን ሱዙኪ ዲቲ 40 አልከራከርም። ቅጂውን ግን በስጦታ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። እኔ ተቀብዬ አይቼዋለሁ፤ ያውም በገንዘቤ።

በ2015 ዓ.ም. እውነተኛው 290 ሺህ ብር ሲጠራ፣ መልኩም ቀለሙም ቁርጥ እሱን የሚመስለው ቅጂ 165 ሺህ ተባለ። በ125 ሺህ ብር የጀልባዬን ቀለም፣ መቀመጫና ጥላ አሠራለሁ ብዬ ቅጂውን አስጫንሁ። ሰባት ሳምንት ሠራ። በስምንተኛው ሳምንት ከዘጌ ስድስት ሰው ጭኜ ስመለስ፣ ከሞተሩ ጎን እንደ ክር ቀጥኖ የሚፈሰው ውኃ ቆመ። ያ ክር ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የምናውቅበት ዋናው ምልክት ነው። የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝና ወዲያው አጠፋሁት። የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ነበር፤ ማዕበሉ እያንገላታን ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። በታንኳ ያለፈ ዓሣ አስጋሪ ወደብ ደርሶ ነገረልንና ሌላ ጀልባ መጥቶ ጎተተን። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ስለ ዋጋ ስጽፍ እሷ ከፊቴ አትጠፋም።

መካኒኩ የታችኛውን ክፍል ሲፈታው ከአራት ቡሎኖች ሁለቱ ጥርሳቸውን ይዘው ወጡ፤ አሉሚኒየሙ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነበር። ውኃ የሚስበው የጎማ መዘውር ስድስት ክንፍ ሊኖረው ሲገባ የቀሩት ሁለት ናቸው። የተበጠሱት አራቱ ሽቅብ ተስበው የውኃውን መተላለፊያ ደፍነዋል። ያን ጊዜ 38 ሺህ ብር ከፈልሁ። ሻጩ “የእውነተኛው መለዋወጫ ልክክ ይልለታል” ብሎኝ ስለነበር እውነተኛ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ገዛሁ፤ መካኒኩ ክፍተቱን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። ሲሊንደሩን ማስቆረጥ (ውስጡን በማሽን ማስፋት) ግድ ሆነና ሌላ 52 ሺህ ወጣ። በመጨረሻ ለመለዋወጫ በ30 ሺህ ብር ሸጥሁት። ደምሩት፤ 165፣ 38ና 52 ሺህ 255 ሺህ ይሆናል፣ 30 ተመልሶልኛል። 225 ሺህ ብር ለአንድ ክረምት እንኳ ለማይሞላ አገልግሎት! ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በ290 ሺህ ያለፍሁትን እውነተኛ ሞተር 620 ሺህ ብር ተጠየቅሁበት፤ አሁን ያለኝም እሱው ነው።

እናንተ በዚህ እንዳታልፉ የቅጂውን መለያ ልንገራችሁ። ሞተሩን ጀልባው ላይ በሚያስረው መያዣ ላይ የሞዴልና የምርት ቁጥር የተመታበት ሰሌዳ አለ፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ይገጥም እንደሆነ ተመልከቱ። የምርት ስሙን ተለጣፊ ጠርዝ በጥፍራችሁ ፈትኑት፤ በቀላሉ ከተላቀቀ ተጠራጠሩ። ክዳኑን አስነሥታችሁ የሽቦዎቹን ማያያዣ አስተውሉ፤ በኤሌክትሪክ ፕላስተር የተጠቀለለ አዲስ ሞተር አዲስ አይደለም። ሻጩ ክዳኑን ለማንሣት ካንገራገረ ሂዱ።

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሞተሩ የሚሰቀልበትን የጀልባውን የኋላ ግድግዳ መርምሩ። የእኔ ጀልባ ፋይበር ነው፤ ላዩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያበራል። በመዶሻ እጀታ ሳንኳኳው ከዳር ዳር ያለው ጠንካራ ድምፅ መሃል ላይ ሲደርስ ታፈነ። በቀጭን መሰርሰሪያ ስበሳው ጥቁር፣ የረጠበ፣ እንደ አተላ የሚሸት የእንጨት ፍርፋሪ ወጣ። በፋይበሩ መካከል ያለው ኮምፔንሳቶ በቡሎን ቀዳዳ በገባ ውኃ በስብሷል። እዚያ ላይ አዲስ ሞተር መስቀል ገንዘብን ሐይቅ ውስጥ መጣል ነው። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ አስወጣን፤ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ውኃ የሚችል ኮምፔንሳቶ ሁለት ተነባብሮ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ተጣበቀ፣ በፋይበር ተሸፈነ። ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ብሎ የሚያበዛ ሠራተኛ በኋላ የሚሰነጠቅ ሥራ ያስረክባችኋል። ፀሐይም ሬዚኑን እንዳያፋጥነው በጠዋት ጥላ ሥራ አስጀምሩ። ይህ ሁሉ 46 ሺህ ብር ወስዶብኛል፤ ከከፈልሁት ገንዘብ ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ነው። ከግድግዳው ከፍታ ጋር የሞተሩን እግር ርዝመት አመሳክሩ፤ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጭር እግር በረጅም ግድግዳ ላይ ማዕበል በተነሣ ቁጥር አየር ይቀዝፋል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። ባለ አራት ምቱ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው የሚቀመጥለት፣ ጥሩ ሞተር ነው፣ አልክድም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ተሳፋሪ ሳይጮኽ ያወራል። ቤንዚኑም ያንሳል። የጎረቤቴን ባለ አራት ምት ከእኔ ጋር በአንድ ጠዋት፣ እኩል ሰው ጭነን፣ ጀሪካን እየለካን አወዳድረናል። ባሕር ዳር–ዘጌ ደርሶ መልስ እሱ 9 ሊትር፣ እኔ 14 ሊትር ጨረስን። ሊትሩን በ130 ብር ብናስበው የ5 ሊትሩ ልዩነት 650 ብር ነው። እኔ በ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት እደባልቃለሁ፤ ይህም በምልልስ 250 ብር ይጨምርብኛል። በአንድ ጉዞ 900 ብር በለጠኝ ማለት ነው። ለእሱ ዓይነት ሞተር ግን የተጠየቅሁት 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ነበር፤ ከእኔው በ430 ሺህ ይበልጣል። 430 ሺህን ለ900 አካፍሉት፤ ልዩነቱን ለመመለስ 480 ያህል ምልልስ ያስፈልጋል። ጎብኚ በቀነሰበት በዚህ ጊዜ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከወጣሁ እድለኛ ነኝ፤ አምስት ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ግን ልዩነቱን በስምንት ወር ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ካላችሁ የእኔን ምክር ተዉትና ባለ አራት ምቱን ግዙ።

ሌላው ነገር ጥገና ነው። የጎረቤቴ ሞተር ቤንዚን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክ ነው። ባለፈው ክረምት ውኃ የገባበት የጀሪካን ቤንዚን ተሞላበትና ቆመ። ስሕተቱን የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሮ ቆየ። የእኔ ካርቡሬተር በዚያው ቤንዚን ሲታፈን፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ በአንድ መፍቻና በጥርስ ብሩሽ በአርባ ደቂቃ አጽድቼዋለሁ። ክብደትም አለ፤ ባለ ሁለት ምቱ ከ70 ኪሎ ትንሽ ሲበልጥ ባለ አራት ምቱ ወደ 100 ኪሎ ይጠጋል። ለታደሰ አሮጌ ግድግዳ ያ ሠላሳ ኪሎ ቀላል አይደለም።

የሚከብደኝ ጭሱና ዘይቱ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዙሪያውም የሚጠጣው ሕዝብ አለ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ካልተቃጠለው ቤንዚንና ዘይት ከፊሉን ውኃው ውስጥ ይተዋል። ስለዚህ ዘይቱን በእጄ ግምት ሳይሆን በመለኪያ ብልቃጥ ነው የምጨምረው፣ የምገዛውም ለጀልባ ሞተር የተሠራውን፣ “ቲሲ ደብልዩ 3” የሚል መለያ ያለበትን ብቻ ነው። የባጃጅ ዘይት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር አልተሠራም፣ ካንዴላውንም በጥላሸት ይደፍነዋል።

25 የፈረስ ጉልበት አይበቃም ወይ ለምትሉኝ፦ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 40 ብላችሁ የገዛችሁት እዚህ 33 ያህል ነው፤ 25 ደግሞ 20 ይሆንና ስድስት ሰው ሲጫንበት የጀልባው አፍንጫ ሰማይ እያየ ይቀራል። ሻጩ የፕሮፔለሩን እርምጃ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋውን ርቀት) አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ።

ያገለገለ እውነተኛ ሞተር ከቅጂው በእጅጉ ይሻላል፤ 350 ሺህ የተባለ አይቻለሁ። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የመጣ ከሆነ ግን በጨው ውኃ የኖረ ነው። ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለውን የቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ክዳን አስከፍቱ፤ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ተዉት። የሁለቱም ሲሊንደሮች ግፊት ይለካ፤ ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካለፈ ዋጋው ምንም ቢሆን አትግዙ።

አዲሱን ስትረከቡ የውኃ መሳቢያውን ጎማ አንድ ተጨማሪ ግዙና ጀልባው ውስጥ አስቀምጡ፤ እንቦጭ ባለበት በኩል የምትመላለሱ ከሆነ በየዓመቱ ቀይሩት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ዘይቱን እጥፍ አድርጉ፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር። በእነዚያ ሰዓታት ሙሉ ጋዝ አትስጡት፣ ተሳፋሪም አትጫኑ፤ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰውን ያን የውኃ ክር እያያችሁ ከወደቡ ሳትርቁ ተመላለሱ።