ዛይሊንገር ወይስ ዞለር? የኦስትሪያን የኳንተም ሊቃውንት በምን እንመዝን?

ኳንተም ፊዚክስ እንደ አቶምና ብርሃን ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚገዙበትን ሕግ ያጠናል። አንቶን ዛይሊንገርን ዓለም ያወቃቸው በፊዚክስ ኖቤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአላን አስፔና ከጆን ክላውዘር ጋር ተጋርተዋል። በ1997 በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ከተማ ቡድናቸው የአንድን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኳንተማዊ ሁኔታ ወደ ሌላ ፎቶን አሻገረ (ፎቶኑ ራሱ አልተሻገረም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው)።

ፔተር ዞለር ግን የቀመር ሰው ናቸው። በ1995 ከስፔናዊው ኢግናሲዮ ሲራክ ጋር ሆነው፣ በወጥመድ የተያዙ አየኖችን (ኤሌክትሪካዊ ሙል ያላቸውን አቶሞች) በሌዘር እያዘዙ የኳንተም ኮምፒውተር፣ ማለትም በኳንተም ሕግ የሚያሰላ ማሽን፣ መሥራት እንደሚቻል በወረቀት አሳዩ። በ2003 የሙከራ ፊዚክስ ሊቁ የራይነር ብላት ቡድን እዚያው ኢንስብሩክ ሐሳቡን በተግባር አዋለው።

በሽልማት ዛይሊንገር ይቀድማሉ። ጽሑፋቸው በሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ብሎ መቁጠር ብዙም አያስተማምንም፤ በሙከራ ጽሑፍ ላይ የብዙ ሰው ስም ስለሚደረደር የማን ድርሻ ምን እንደሆነ አይለይም። ባፈሩት ተማሪም ዛይሊንገርን የሚደፍር የለም፦ ቪየና ያስተማሯቸው ፓን ጂያንዌይ ቻይና በ2016 ያመጠቀችውን የኳንተም ሳተላይት መርተዋል።

እኔ ግን «ሌላው በሐሳቡ ምን ሠራበት?» ብዬ ስለምጠይቅ ወደ ዞለር አደላለሁ። ዛሬ የአየን ኳንተም ኮምፒውተር የሚሠሩ ኩባንያዎች መነሻቸው ያ የ1995 ወረቀት ነው።