«የጀልባ ክበብ ጉብኝት» ብሎ ለሚሸጥላችሁ ሰው ብር እንዳትልኩ

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ነው ከቢሾፍቱ ደብረ ብርሃን የገባነው። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሁለት ቀን ካደረ ይሉኝታ ይይዘኝና እተወዋለሁ።

ጉዞውን ያዘጋጀውን ሰውዬ ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ፖስተር ይለጥፋል። «ሦስት ቦታ ብቻ ቀርቷል» ይላል። ቅድሚያውን በቴሌብር ይቀበላል። መነሻ ሰዓት ላይ የተባለው መኪና ቀርቶ ሌላ ይመጣል። እኔም ባለፈው ዓመት አንኮበር ከእሱ ጋር ሄጄ ደህና ነበር። ያ ነው ያዘናጋኝ።

የአሁኑ ፖስተር ቢሾፍቱ ነበር። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ለአባላት ብቻ የነበረ የግል የጀልባ ክበብ፣ ዛሬ ለእናንተ ተከፈተ ይላል። የጀልባ ሽርሽር፣ ክበቡ ውስጥ ምሳ፣ የድሮ ፎቶግራፎች። ለአንድ ሰው 2,800 ብር። ለእናቴ፣ ለልጄና ለራሴ 8,400 ብር ላክሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢሾፍቱ አየር ኃይል ነበር። እናቴ ዛሬም ከተማዋን ደብረ ዘይት ነው የምትላት። ከመንዝ ሙሽራ ሆና ሄዳ ሦስት ዓመት ኖራባታለች። ሐይቁ ላይ ስለሚታዩት ነጫጭ ጀልባዎች ስንቴ አውርታልኛለች። ፈረንጆችና ትላልቅ ሰዎች ነበሩ አሉ የሚቀዝፉት። አባቴ «አንድ ቀን አስገባሻለሁ» ይላት ነበር። ሳያስገባት ሞተ። ፖስተሩን እንዳየሁ ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው እሷ ናት።

ሌሊት 10 ሰዓት ወጣን። ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን በጨለማ አለፍን። እናቴ በጋቢ ተጀቡና ነበር። ቢሾፍቱ ስንደርስ ሞቃት፣ አወለቀችው። ደስ ብሏት ነበር።

የቢሾፍቱን ሐይቆች ያየ ሰው ያውቃል። አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ዳርቻቸው ገደል ነው። ከመንገድ ላይ ውሃው አይታይም። ዙሪያውን ደግሞ በብዛት ሆቴልና ሪዞርት አጥሮታል። የአንዱን በር ካላለፋችሁ ውሃው ጋ መድረስ ይከብዳል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በር ላይ ነው ያለው።

በሩ ላይ ስንደርስ ሰውዬው «እዚሁ ጠብቁኝ፣ የስም ዝርዝር ላስገባ» ብሎ ወረደ። 40 ደቂቃ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥን። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። እጁ ላይ ምንም ወረቀት የለም። ዘበኛውን ትከሻውን አቅፎ ያወራል። እጁን ኪሱ ይከታል። ዘበኛው ራሱን ይነቀንቃል። ያኔ ሆዴ ቡጭ አለ። ለካ አስቀድሞ ማንንም አላናገረም። ክበቡ መምጣታችንን አያውቅም። በጉርሻ ሊያስገባን ነው ከደብረ ብርሃን ድረስ የነዳን።

ወረድኩ። ከውስጥ አንድ የቢሮ ሰው ወጣ። እንግዳ የሚገባው አባል የሆነ ሰው መዝገብ ላይ ፈርሞ ሲያስገባው ብቻ ነው አለ። እሺ፣ ደንባቸው ነው። ከዚያ ግን ዞሮ እናቴን አያት። ነጠላዋን፣ በአገልግል የያዘችውን ድፎ ዳቦ አየ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ እንደዚህ ተይዞ የሚመጣበት ቦታ አይደለም» ብሎ በሩን ዘጋው። እሷ ምንም አልጠየቀችውም ነበር።

ሰውዬውን ገንዘቤን መልስ አልኩት። «በአጥሩ በኩል ይታያል፣ ፎቶ ተነሱ» አለኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። እሱ ጣቱን አስቀምጦ አሳየኝ። «የጀልባ ክበብ አካባቢ ጉብኝት» ይላል። «አካባቢ የሚለውን አላነበብሽም? አካባቢው ይኸውልሽ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ብሩን ሲቀበል «እትዬ» ነበርኩ። በሩ ላይ «አንቺ» ሆንኩ።

እኔ 14 ዓመት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰነድ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጎረቤት የቤት ኪራይ ውል ሲፈራረም እኔ ነኝ አንብቤ «ይቺን ቃል አስወጣት» የምለው። የእናቴን ጉዳይ ግን ሳላነብ ከፈልኩ። ከትናንት ጀምሮ ያቺ አንድ ቃል ዓይኔ ላይ ተለጥፋለች። ለክበቡ አንዴ ብደውል በሁለት ደቂቃ የሚጣራ ነገር ነበር። አልደወልኩም።

ምሳ በየራሳችን ሂሳብ አንድ ምግብ ቤት በላን። ልጄ ውሃ ሳይነካ ተመለሰ። እናቴ እስከ ሸኖ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ሸኖን ስናልፍ «አባትሽም እስከዚያ በር ድረስ ነበር ያደረሰኝ» አለችኝ።

ብር ከመላካችሁ በፊት ለቦታው ራሱ ደውሉ። ደረሰኙ ላይ «ውስጥ» የሚል ከሌለ አትክፈሉ።

ስልኬን አያነሳም። ዛሬ ጠዋት ግን ለፊታችን እሁድ አዲስ ፖስተር ለጥፏል። ክበቡም ፎቶውም ያው ነው። ዋጋው 3,200 ገብቷል።