ለጣና ጀልባ፦ አዲስ ንድፍ ወይስ የተፈተነ?

ደቅ ደሴት ያለ ሰው በሽተኛ ይዞ ባሕር ዳር ለመድረስ ከጀልባ ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ የሕዝብ ጀልባ ግዢ ሲጓተት ያንገበግበኛል።

አንዱ አማራጭ ለሐይቁ ተብሎ ከዜሮ የሚነደፍ ጀልባ ነው። ጥቅሙ አይካድም። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እምቦጭም አለበት። አረሙ ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ ሞተር ሲያጠፋ አይቻለሁ። ባለጀልባው ውሃ ውስጥ ገብቶ በቢላዋ ነው የቆረጠው።

ችግሩ ንድፉ ሳያልቅ ብረት መቁረጥ ሲጀመር ነው። ስኮትላንድ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት መርከቦች በ97 ሚሊዮን ፓውንድ ታዘዙ። በ2018 ይደርሳሉ ተባለ። የመጀመሪያዋ፣ ግሌን ሳኖክስ፣ መንገደኛ መጫን የጀመረችው በጥር 2025 ነው። ወጪውም ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ።

ሁለተኛው አማራጭ ሌላ ቦታ ሠርቶ የታየ ጀልባ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ብቻ የባሕር በር የለንምና ትልቅ ከሆነ በክፍል በክፍል በከባድ መኪና መጥቶ እዚሁ ዳርቻ ላይ መበየድ አለበት። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ ይግባ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለእምቦጩ የፕሮፔለር መከላከያ ይጨመርበት፤ ክፍያውም ሥራው በተጠናቀቀ መጠን ብቻ ይለቀቅ።