የኮሌጁን ደብዳቤ መስመር በመስመር ላስረዱኝ አስተባባሪ የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ልጄ በተማረችበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮሌጅና የሙያ መረጃ አስተባባሪ ለሆኑት ወይዘሮ በአደባባይ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ሆኖም በዚህ የሥራ መደብ ላይ ያሉ ባለሙያዎች በካውንቲው ሌሎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ስላሉ፣ ልጅ ለኮሌጅ የደረሰላችሁ ወላጆች ሁሉ ሄዳችሁ እንድታነጋግሯቸው እለምናችኋለሁ።

እሳቸው ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ብዙ ተንገላተናል። «ስኮላርሺፕ ያለ ጥርጥር አስገኝላችኋለሁ» ያለን ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ለመሙላት ገንዘብ ከተቀበለን በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። ማመልከቻው ግን በነጻ የሚሞላ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ጥያቄያችንን እንኳ ሳይሰሙ ወረቀት አስታቅፈው ሸኙን። በዚህ መካከል ከአንድ ኮሌጅ፣ ከግርጌው ቀሪ ክፍያ ዜሮ የሚል ደብዳቤ ደረሰን።

ወይዘሮዋ ደብዳቤውን ሲያብራሩ ልጄ ታስተረጉምልኝ ነበር። እሳቸው ረዘም አድርገው የተናገሩትን እሷ በሁለት ቃል ስትጨርሰው፣ እኔን ላለማስጨነቅ የምትዘለው ነገር እንዳለ ገባቸው። አልተቆጧትም፤ «ይህ አንቺ የምትሸከሚው አይደለም» ብለዋት፣ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀርበው ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ጀመሩ። የልጄ ትከሻ ሲቀልላት በዓይኔ አየሁ። እኔም በገዛ ቋንቋዬ ጠይቄ፣ እስኪገባኝ ድረስ የሚታገሠኝ ሰው አገኘሁ፤ ይህን ውለታቸውን መቼም አልረሳውም።

የጠየቅኋቸው በደብዳቤው ከተዘረዘረው ገንዘብ ተመልሶ የሚከፈለው የቱ እንደሆነ ነበር። ፔል ግራንት የቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጥ የፌዴራል ድጋፍ በመሆኑ አይመለስም፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ኮሌጁ በውጤቷ የሰጣት ስኮላርሺፕም አይመለስም፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚታደሰው ውጤቷን ከጠበቀች ብቻ ነው። ወርክ ስተዲ የተባለው ደግሞ እየተማረች ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ ነው። በእሷ ስም ከሚወጣው የፌዴራል ብድር አንዱ ክፍል በትምህርት ላይ እስካለች ድረስ ወለዱን መንግሥት የሚከፍልላት ሲሆን፣ ሌላው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ቀሪውን ዜሮ ያደረገው ትልቁ ገንዘብ ደግሞ ፓረንት ፕላስ የተባለ፣ በእኔ በወላጇ ስም የሚወጣ ብድር ነበር። ልጄ የዘለለችው እሱን ነበር።

በዚህ አላበቁም። ፋፍሳ የሚመለከተው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የባለቤቴ ሥራ መቀነሱን ሲሰሙ፣ ኮሌጁ ጉዳያችንን እንደገና እንዲያይልን በማስረጃ መጠየቅ እንደምንችል ነገሩን፤ ደብዳቤውንም ልጄ ስትጽፍ አብረዋት ተቀመጡ። የምርጫ ክልላችን የግዛት ሴናተርና የምክር ቤት ተወካይ የሚሰጧቸው ስኮላርሺፖች መኖራቸውንም ያወቅነው ከእሳቸው ነው። የአሠራሩ ዝርዝር ብዙ አልገባኝም፤ ኮሌጁ ግን ከራሱ ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ ድጋፍ ጨመረልን፣ ፓረንት ፕላሱንም ሳልፈርም ልጄ ትምህርቷን ጀመረች።

እባካችሁ ወላጆች፣ ከኮሌጅ የሚመጣላችሁን ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት ይዛችሁ ወደ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ። ልጃችሁ አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ ቢያውቅም አስተርጓሚ ጠይቁ። ለእኚህ ደግ ሴት እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጥልኝ።