«እኛ እንረከበዋለን» የሚል የማገገሚያ ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ የአእምሮ ታማሚ ለምታስታምሙ ሁሉ፦ ወንድማችሁን ወይም ልጃችሁን «ማገገሚያ» ልታስገቡ ካሰባችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ።

የአክስቴ ልጅ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ህመም አለበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ደግሞ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ክትትሉ ደሴ ሪፈራል ነበር። በመሀል ቀጠሮ አለፈው፣ ኪኒኑን ተወ፣ እንቅልፍ ጠፋ፣ ቤቱ ታመሰ። እንዲህ ዓይነት ቤት ደግሞ ደላላ ቶሎ ይሸተዋል። የመጣው ሰውዬ ራሱን «አማካሪ» ነው የሚለው። «አብሽሩ፣ እኛ እንረከበዋለን። ሦስት ወር ስጡን፤ ሰው ሆኖ ትወስዱታላችሁ» አለ። ሰው ሆኖ! እስከዚያ ምን ነበረ?

አጎቴ በሬ ሸጦ የሦስት ወሩን በአንዴ ከፈለ። ብሩ የገባው በግለሰብ የባንክ ሂሳብ ነው። ደረሰኝ የለም። የማገገሚያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አቤቱታው ገና በሂደት ላይ ነው። ስሙ ነገ ሊቀየርም ይችላል። የውሉን ቃል ብታውቁት ይሻላል።

ውሉ ሁለት ገጽ አይሞላም። ከላይ ስለ ፍቅርና ስለ እንክብካቤ ብዙ ተጽፏል። ጉዱ ከታች ነው።

«በመጀመሪያው ወር ቤተሰብ ታማሚውን በአካልም ሆነ በስልክ ማግኘት አይችልም» ይላል። ሲጠየቁ «እንዲረጋጋ ነው» ይላሉ። እኛ አገር ሆስፒታል የተኛ ሰው አጠገቡ አስታማሚ ይኖረዋል። ምግብ የሚያቀብለው፣ ማታ ሲብስበት ነርስ የሚጠራው አስታማሚው ነው። አስታማሚን ለአንድ ወር በር ላይ የሚያግድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማን ያያል?

ቀጥሎ ያለው ይብሳል። «ማዕከሉ አስፈላጊ ነው ብሎ የሚያምንበትን ማንኛውንም እርምጃ እንዲወስድ ቤተሰብ ፈቅዷል»። ማንኛውንም። ማሰርም፣ መቆለፍም፣ ስሙ ያልተነገረ መርፌ መውጋትም እዚህች ቃል ውስጥ ይገባሉ። የታማሚው ስም ያለው ክፍያው ላይ ብቻ ነው፤ እሱ የሚፈርምበት ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ማንም አልጠየቀውም።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይህቺ ናት፦ «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለሚጥል በሽታና ለመሳሰሉት ማዕከሉ ኃላፊነት አይወስድም»። ወገን፣ ልጁ እኮ ኢንሱሊን ይወጋል! እንደሱ ላለ ሰው ኢንሱሊን ከተቋረጠ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ለአእምሮ ህመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች እንደ ኦላንዛፒን ያሉት ደግሞ ራሳቸው ክብደትና ስኳር ይጨምራሉ። እና አንዱን ህመም ተቀብሎ ሌላውን በር ላይ ማስቀረት ይቻላል? የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ በድንገት ከቆመ የሚጥለው ነገር ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። የአእምሮ ታማሚ ሌላ ህመም ሲኖርበት «ይቃዣል» እየተባለ ስሞታው አይሰማም። ይሄ ውል ያንን አለመሰማት በጽሑፍ አስቀምጦታል።

የመጨረሻው «የተከፈለ ገንዘብ በምንም ምክንያት አይመለስም» የሚለው ነው። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከወር በኋላ ስንጠይቀው «ተረጋግቷል፣ ተሽሎታል» ተባልን። እውነትም ዝም ብሏል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ የአእምሮ ህመም መድኃኒቶች መጠናቸው ሲበዛ እንዲህ ያደርጋሉ። አንዳንዱን አንገቱን ይቆለምሙታል፣ መንጋጋውን ያስሩታል። ለዚህ ማስታገሻ አለው፣ መጠኑንም ባለሙያ ያስተካክለዋል። ልጁ ዝም ማለቱን እንደ መዳን የሚቆጥር ቤት ግን ምን ብሎ ያስተካክላል?

አውጥተን ሆስፒታል ስንወስደው ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምን ሲሰጠው ነበር? መርፌ ተወግቷል? መቼ?» ብላ ነው። መልስ አልነበረንም። ማዕከሉ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልሰጠንም። ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንደ ፍሉፌናዚን ዲካኖዌት ያለው መርፌ አንዴ ከተወጋ ሰውነት ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ለዚህም ነው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚሰጠው። ቀኑን ሳያውቁ ሌላ መጨመር አደጋ ነው።

መብቱን በተመለከተ «የታመመ ሰው ምን መብት አለው» የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጪ ነጻነቱን እንደማያጣ ይላል። አንቀጽ 18 ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። «ከታመመ ሰው በቀር» የሚል ነገር የለበትም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ይጨምራል። የስምምነቱ አንቀጽ 14 ጉዳቱ ብቻውን ሰውን ለመቆለፍ ምክንያት እንደማይሆን፣ አንቀጽ 25 ደግሞ ህክምና በሰውየው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት ያዛል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ አለ። የምትከፍሉበት አገልግሎት ምን እንደሆነ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። የመርፌውን ስም መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም።

አሁንም «ምን እናድርግ፣ ሌሊት ሙሉ አናርፍም» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሆስፒታል ራሱ ተዘርፎ ነበር፤ ሰዉ ከዚያ ወዲህ የተሸከመው ብዙ ነው። ወረፋው ያሰለቻል፣ መድኃኒት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ግን ደላላው «ጤና መድህን ለአእምሮ አይሠራም» ሲላችሁ አትመኑት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፎ ሆስፒታል ይታያል። ደብተሩ የማይሠራው እነሱ ቤት ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱአ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ኪኒኑ ብቻ አይቋረጥ።

ማገገሚያ የሚባል ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። የግድ ከሆነባችሁ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት አያታላችሁ። እኛ ያየነው በፍሬም ያማረው ወረቀት ንግድ ፈቃድ ነበር። ንግድ ፈቃድ ለሱቅም ይሰጣል። የምትጠይቁት የጤና ተቋም የብቃት ማረጋገጫ ነው። በተጨማሪ መድኃኒት የሚያዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ የሙያ ፈቃዱን፣ ማታ ማን እንደሚያድር ጠይቁ። የሚተኙበትን ክፍል ካላሳዩአችሁ፣ ሳሎን አስቀምጠው ሻይ ብቻ ከጋበዟችሁ፣ ሻይዋን ጠጥታችሁ ውጡ። ክፍያው በየወሩ ይሁን፣ በድርጅቱ ስም ይሁን፣ ደረሰኝ ይኑረው። ሲወጣ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ቀን ተጽፎ እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ ይግባ። ልጁም በደህና ሰዓቱ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ። የእኛው ልጅ ሲጠየቅ መርፌው ሳይሆን ስልኩን መቀማቱ ነው ያሳመመው። እናቱን ማዋራት ፈልጎ ነበር።

አሁን ወደ ሆስፒታል ክትትሉ ተመልሷል። መንቀጥቀጡ ቀንሷል፣ ኢንሱሊኑን ራሱ ይወጋል። የቀሪው ጊዜ ክፍያ ግን አልተመለሰም። ማመልከቻው ጤና መምሪያ ገብቷል፣ ንግድ ጽሕፈት ቤትም ኮፒ ተደርጓል። እንዲህ ዓይነት ውል የፈረማችሁ ካላችሁ ኮፒውን አትጣሉት፤ የባንክ ማስተላለፊያውንም አያይዙትና ለጤና መምሪያው ቁጥጥር ክፍል አስገቡ። ብቻውን የገባ ማመልከቻ «የቤተሰብ ጭቅጭቅ» ተብሎ እንዳይቀመጥ ነው የምፈራው።