የውጪ ግድግዳ ቀለም፦ ፕላስቲክ፣ ዘይት፣ ኳርትዝ ወይስ ኖራ?

ቀለም ልንገዛ ስንሄድ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናየው የቀለሙን ናሙና ነው። ክሬም ይሁን ወይስ ግራጫ? እኔ ግን መጀመሪያ ግድግዳውን እዩት እላለሁ። ልስኑ አዲስ ነው? ከዚህ በፊት በምን ተቀብቷል? ከሥር እርጥበት ይስባል? የምትገዙትን ጣሳ መወሰን ያለበት የዚህ መልስ ነው።

ለሲሚንቶ ግድግዳ ዋናው ፉክክር በፕላስቲክና በዘይት ቀለም መካከል ነው። ፕላስቲክ የምንለው በውሃ የሚቀጥነውን ነው። ጣሳው ላይ «አክሪሊክ» እና «ለውጪ» የሚል ፈልጉ፤ የውስጡ ቀለም ዝናብና ፀሐይ አይችልም። አክሪሊክ ከደረቀ በኋላም ትንሽ ይለጠጣል። ግድግዳው ቀን በሙቀት ሲሰፋ፣ ማታ ሲኮማተር አብሮት ይሄዳል። ውስጥ የቀረ እርጥበትም በእንፋሎት መልክ እንዲወጣ መንገድ ይሰጠዋል።

ዘይት ቀለም ጠንካራ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ለማጠብም ይመቻል። ግን እየቆየ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚከፋው አዲስ ልስን ላይ ሲቀባ ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኬሚካል) ዘይቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ ሳሙና የሚሠራበት ኬሚስትሪ ራሱ ነው። ከዚያ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ ይላጣል። ስለዚህ ለሲሚንቶ ግድግዳ ያለማመንታት አክሪሊክ እመርጣለሁ። እሱም ቢሆን አዲስ ልስን ላይ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይለት።

የዘይት ቀለም ቦታው ብረት ላይ ነው፦ በር፣ የመስኮት ፍሬም፣ ፍርግርግ። ዝገቱን ፍቃችሁ መጀመሪያ ጸረ-ዝገት ቀቡ። አዲስ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ቆርቆሮ ላይ ግን ዘይት ቀለም በቀጥታ አታስነኩ፤ ከዚንኩ ጋር ይዋሃድና ይላጣል።

ኳርትዝ የአሸዋ ቅንጣት ያለበት ወፍራም ቀለም ነው። ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆችንና የልስን ጉድለትን በደንብ ይሸፍናል። ችግሩ ሸካራ ገጹ አቧራ ይይዛል፣ ብዙ ቀለም ይበላል፣ ሐሳብ ሲቀየርም መፋቁ መከራ ነው። እርጥብ ግድግዳን ይደብቃል እንጂ አያድንም።

ኖራ ርካሽ ነው፤ ግድግዳውም እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ለድንጋይና በኖራ ለተለሰነ ቤት ጥሩ ነው። ግን ልብስ ላይ ይነካል፣ ዝናብ ያሳሳዋል፣ በየጊዜው መታደስ አለበት። ቀድሞ ፕላስቲክ በተቀባ ግድግዳ ላይም አይዝም። በጀት ካላችሁና ግድግዳው ከዚህ በፊት ቀለም ያልተቀባ ከሆነ ሲሊኬት የሚባል ቀለምም አለ። ጀርመናዊው አዶልፍ ቪልሄልም ካይም እ.ኤ.አ. በ1878 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሲሆን ከልስኑ ጋር በኬሚካል ስለሚዋሃድ በጣም ይቆያል።

ስለ ድምቀት ብዙ አልልም። ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቀው፣ የግድግዳን ጉድለት ይደብቃል፣ የሚያብረቀርቀው ያጋልጣል። ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ፀሐይ በሚበዛበት በኩል ቶሎ ይፈዝዛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ውድ ቀለም በመጥፎ ግድግዳ ላይ ገንዘብ መጣል ነው። አሮጌውን ቀለም በመዳፋችሁ እሹት። እጃችሁ ላይ ዱቄት ከቀረ ታጥቦ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ ማያያዣ) ይፈልጋል። የሚጣበቅ ፕላስተር (ቴፕ) ለጥፋችሁ ንቀሉት፤ ቀለም ይዞ ከመጣ እዚያ ላይ ደርቦ መቀባት ከንቱ ነው፣ ይፋቅ። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ግን ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላልና በደረቁ አትፈግፍጉት። እያረጠባችሁ ሥሩ፣ ጭምብል አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። የእርሳስ አቧራ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል።

ሲቀባ ደግሞ ቀለሙን ውሃ አታብዙበት። ጣሳው ከሚለው በላይ ሲቀጥን ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ቶሎም ይታጠባል። ይህን ከቀቢው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥላውን ተከትላችሁ ቀቡ፤ የጋለ ግድግዳ ላይ ቀለም ሳይዝ ይደርቃል። ዝናብ ባንዣበበበት ሰዓት አትጀምሩ። ሁለት እጅ ይቀባ፣ በመካከሉም ጣሳው የሚለውን ሰዓት ጠብቁ።

ለመጠኑ፣ ለስላሳ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር አክሪሊክ በአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 80 ካሬ ሜትር በሁለት እጅ 16 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ሸካራ ከሆነ ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር (ባች) አንድ ዓይነት የሆነውን ግዙ። ያ ካልተገኘ ጣሳዎቹን በትልቅ ባልዲ ቀላቅሉ፤ አለበለዚያ ግድግዳው መሃል ላይ የቀለም ልዩነት ይታያል።