የዕፅዋት ዘይት በቤት ውስጥ፦ ማንጠር ወይስ መዘፍዘፍ?

በእንፋሎት ሲነጠር ቅጠሉ ወይም አበባው ከሚፈላ ውኃ በላይ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ ተናኙን ዘይት (መዓዛ ያለውንና በቀላሉ የሚተነውን የተክሉን ዘይት) ይዞ ይወጣና በቀዝቃዛ ቱቦ ሲያልፍ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል፤ የቅርንፉድ ዘይት ግን ይሰጥማል። ችግሩ መጠኑ ነው። ከ1 ኪሎ እርጥብ የላቬንደር አበባ የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ ጽጌረዳ ደግሞ 1 ኪሎ ዘይት ለመስጠት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ አበባ ትጠይቃለች። በቤት ድስት ጽጌረዳ ላንጥር ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ራስን መቅጣት ነው። ደግነቱ የሚተርፈው መዓዛማ ውኃም ይጠቅማል።

መዘፍዘፍ ቀላል ነው። በደንብ የደረቀ ቅጠል በወይራ ዘይት ውስጥ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይጠለላል። እርጥበት ካለው ይሻግታል። የሚገኘው ግን ተናኝ ዘይት ሳይሆን መዓዛ የጠጣ ዘይት ነው፤ ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ። የነጠረው ሳይበረዝ ከተቀቡት ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል፤ የተዘፈዘፈው አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ይቀባል። ለጀማሪ የምመርጠው መዘፍዘፉን ነው፤ ማንጠሪያ መግዛት የሚያዋጣው ሮዝመሪን የመሰለ ተክል ጓሮውን ለሞላለት ሰው ነው።